የጂፑ ፉጨት

ወንድሜን ሰው ሁሉ "ጆሮ" ነው የሚለው። ስሙን የሚያውቁት እናታችን፣ ሚስቱና ጡረታ የሚከፍለው መሥሪያ ቤት ብቻ ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ግሬደር ላይ ተቀምጦ መንገድ ሲጠርግ ኖሯል፤ በትርፍ ጊዜው ደግሞ የሠፈሩን መኪና ሁሉ ያዳምጣል። ረጅሙን ካቻቪቴ ሞተሩ ላይ ያቆምና እጀታውን ጆሮው ላይ ደግፎ ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ "ሁለተኛው ቫልቭ ነው" ይላል። ሲፈታ ሁለተኛው ቫልቭ ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ያለ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ሌላው ቤተሰብ ጆሮ የሚያስፈልገው ለጉትቻ ብቻ ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ከግቢያችን በር አጠገብ ነው። ከስፌት መኪናዬ ላይ ቀና ስል የሚታየኝ የወንድሜ ጋራዥ ነው፤ ጋራዥ እላለሁ እንጂ ቆርቆሮ የለበሰ ዳስ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ያየሁት ነገር ቢኖር ከጂፑ ሥር የወጡ ሁለት እግሮች ነው። ደንበኞቼ መጀመሪያ ሰሞን ሰው ተገጭቶ የወደቀ እየመሰላቸው ይደነግጡ ነበር፤ ኋላ ለመዱት።

ጂፑ ከእኔ በሁለት ዓመት ይበልጣል። ወንድሜ ጡረታ ሲወጣ ከመሥሪያ ቤቱ ከተጣሉ ዕቃዎች መሃል መርጦ፣ በሌላ መኪና አስጎትቶ ያመጣው ነው። በሩን ስከፍተው በሩ እጄ ላይ ቀረ። ወለሉን ዝገት ስለበላው በላሜራ አዲስ ወለል በየደለት። ባሌስትራውን አውርዶ አንድ ቅጠል ብረት ጨመረበት። የፍሬኑን ቧንቧ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀየረ። የኤሌክትሪክ ሽቦውን ሲዘረጋ ገመዶቹን በየፈርጁ የጠቀለለው በእኔ ክር ነው፤ ሦስት ጥቅል ጥቁር ክር ወስዶ እስካሁን ድረስ አልመለሰልኝም። መቀመጫዎቹን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ይህን የምናገረው ማንም ስለማይናገርልኝ ነው።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ሥራዎች የሠራቸው ለእናታችን ብሎ ነው። አንደኛው ከቀኙ በር ሥር የበየደው ደረጃ ነው፤ ላዩን የጎማ ምንጣፍ አልብሶታል፣ ከበላዩም የሚጨበጥ ብረት አለው። እማ ጉልበቷ አይታጠፍም፤ ያለ ደረጃ ጂፕ ላይ መውጣት ለእሷ ጣሪያ ላይ እንደ መውጣት ነው። ሁለተኛው ከሞተሩ ተነስቶ በመስታወቱ ጎን እስከ ጣሪያው የሚወጣ የአየር ቱቦ ነው። ሞተር አየር የሚስበው ከኮፈኑ ሥር ከሆነ ወንዝ ሲገባ ውኃ ይጠጣና ያበቃለታል፤ ከጣሪያ በላይ ከሳበ ግን ኮፈኑ ድረስ ቢጠልቅም ይሄዳል። ቱቦውን የሠራው ከቤታችን አሮጌ አሸንዳ ነው። ጎረቤቶች "ምድጃ ገጠመበት" ብለው ሳቁ።

ይህ ሁሉ ልፋት ለአንድ ወንዝ ነበር። የእማ ታላቅ እህት የምትኖረው ከዚያ ወንዝ ማዶ፣ ኮረብታ ላይ ነው። ድልድይ የለም፤ ዝናቡ ከገባ ማቋረጫው ለሦስት ወር ይዘጋል። አክስቴ ደግሞ ከታመመች ሰንብታለች፤ ሐኪሞቹም ከእንግዲህ ቤቷ ብትሆን ይሻላል ብለው ሸኝተዋታል። እንዲህ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ኔትወርክ ያለው ከቤታቸው በላይ ካለው ጫፍ ላይ ስለሆነ ልጇ በየቅዳሜው እዚያ እየወጣ ይደውላል። የእማ ፍላጎት አጭር ነው። "እታለምን በዓይኔ ልያት" ነው የምትለው። እኛም ዝናቡ ሳይገባ እናደርስሻለን ብለን ቃል ገባንላት።

ሁሉ ነገር አልቆ፣ ቅዳሜ ልንነሣ ስንል፣ ሰኞ ዕለት ወንድሜ ጂፑን ለሙከራ አንድ ዙር ነድቶት ተመለሰ። ሞተሩን ሳያጠፋ አንገቱን አዘነበለና "ፉጨት አለ" አለ። "ቀጭን ፉጨት። ካልተገኘ ይሄን ይዤ ወንዝ አልገባም።"

አዳመጥኩ። ሞተሩ ይንደቀደቃል፣ አሸንዳችን ከላይ አየር ይምጋል፣ ሌላ ምንም የለም።

"አዎ፣ አለ" አልኩ።

እንዲህ ያልኩበትን ምክንያት ልናገር፤ ውሸታም ሆኜ አይደለም። ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ፣ እሱ ሃያ ዓመቱ ነበር፣ የሥራ ጓደኞቹ በተሰበሰቡበት ካቻቪቴውን ጆሮዬ ላይ ደግፎ "ምን ትሰማለህ?" አለኝ። "ምንም" አልኩ። ሁሉም ሳቁ። "ይሄ ልጅ ድንጋይ ነው" አላቸው። ድንጋይ የሚለው ቅጽል አሥራ ስድስት ዓመት እስኪሞላኝ አልለቀቀኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ወንድሜ ሰምቻለሁ ያለውን ሁሉ እሰማለሁ። ቶሎ እሰማለሁ፤ አንዳንዴ ከእሱ ቀድሜ እሰማለሁ።

እማን ጠራት። ከዘራዋን ይዛ መጥታ ጆሮዋን ወደ ኮፈኑ አስጠጋች። "አይ ልጄ፣ አለ እንጂ፤ አንተ ካልክ አለ" አለች። ሚስቱ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ፣ ቆፍጣና ሴት ናት፤ እሷ እንኳን ከሥራ መልስ ቦርሳዋን ሳታወርድ "አዎ አዎ፣ ይሰማኛል፣ እራት ቀርቧል" ብላው አለፈች። ስለዚህ ፉጨቱ በሦስት ምስክር ጸደቀ።

እዚህ ላይ ነው ስድስት ሳምንት የበላነው።

መጀመሪያ ቺንጋውን ቀየረ። ፉጨቱ አልጠፋም። የዲናሞውን ኩሽኔታ አወጣ፤ እንደ አዲስ ያበራል፤ እሱንም ቀየረ። ከዚያ የውኃ ፓምፑን፣ ከዚያ የፊት ጎማዎቹን ኩሽኔታ። በየጊዜው ገጣጥሞ ይነዳል፣ በየጊዜው ፊቱን አጥቁሮ ይመለሳል። "አሁንስ?" ይለኛል። "ትንሽ የቀነሰ ይመስላል" እላለሁ፤ ቀነሰ ማለት ደግ ነገር መስሎኝ ነበር። ቀነሰ ስለው ደግሞ "እንግዲህ ተቃርበናል" ብሎ ሌላ ነገር ይፈታል። በመጨረሻ ካምቢዮውን አወረደ። ካምቢዮ ማውረድ ለአንድ ሰው የሁለት ቀን ሥራ ነው፤ ለስልሳ ሁለት ዓመት ሰው ደግሞ የሁለት ቀን ሥራና የአራት ቀን ወገብ ነው። ሁለት ጊዜ አውርዶ ሁለት ጊዜ መለሰው። ሦስተኛ ጊዜ አወረደው።

እማ ሻንጣዋን ከፍታ አታውቅም። በሩ ጥግ አቁማዋለች። በየቅዳሜው ስልኩን ስታነሳ "መኪናው ድምፅ አለው፣ ልጄ እየፈለገለት ነው" ትላለች። የአክስቴ ልጅ እናቱ የላከችውን ይነግራታል፦ "ምን ዓይነት ድምፅ ነው ትላለች።" "ቀጭን ፉጨት ነው በላት።" በሚቀጥለው ቅዳሜ፦ "ጠፋ ወይ ትላለች።" "አልጠፋም በላት።" አምስተኛው ቅዳሜ ላይ ልጁ ከእናቱ ምንም መልእክት አላመጣም፤ ተኝታለች አለ። እማ ስልኩን አስቀምጣ ሰማዩን አየች። እኔም አየሁ። ተናድጄም ነበር፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም ነበር።

ሌሎች ነገሮችም ነበሩ፤ ልብ ማለት የነበረብኝ። ወንድሜ ከጂፑ ሥር ሆኖ ማውራት ትቶ ነበር፤ ስጠራው መልስ የለም፣ ጫማውን ስመታው ብቻ ነው የሚወጣው። ኩራት ነው ብዬ ተቀየምኩት። ስናወራ ዓይኑን አፌ ላይ ይተክላል፤ ጥርሴ ላይ የሆነ ነገር የተጣበቀ እየመሰለኝ በየጊዜው በመስታወት አይ ነበር። ባለፈው ዓመት ደግሞ ያለ ነገሩ ሪዜ ላይ ተነሣብኝ። "ቁረጠው፣ አያምርብህም፣ ሽማግሌ መስለሃል" እያለ ቁም ስቅሌን ሲያሳየኝ ሰንብቶ፣ ለሰላሜ ብዬ ቆረጥኩት። ሃያ ዓመት ያሳደግኩት ሪዝ ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ለማክሰኞ የቀጠርኩትን ሱሪ እየተኮስኩ ሳለ ወንድሜ ከጋራዡ በር ላይ ሆኖ በእጁ ጠራኝ። ስገባ ጂፑ ውስጥ፣ በሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጓል።

"ግባ" አለኝ። ከጎኑ ገባሁ። ወደ እኔ ዞሮ አፌን እያየ "ትሰማዋለህ?" አለ።

ልቤ ሱሪው ጋ ነበር፤ ካውያውን ከሶኬት መንቀሌን አላስታወስኩም። ራሴን ነቀነቅኩ። "እንዴ፣ ዛሬማ ጭራሽ ብሶበታል" አልኩ።

ወንድሜ እጁን ከመሪው አነሳ።

"ካምቢዮው መሬት ላይ ነው" አለ።

አየሁት። ጆንያ ላይ ተጋድሟል።

"ባትሪው መደርደሪያው ላይ ነው። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የምይዘው ነገር ሳጣ የራሴን ስፌት፣ የመቀመጫውን ጠርዝ መዳሰስ ጀመርኩ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የማትሰማው?"

"ከመጀመሪያው።"

"እማስ?"

"እሷም።"

"ሚስቴስ?"

"እሷማ አላዳመጠችም።"

ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። ቢቆጣ ይቀለኝ ነበር። "ጠዋት ነው የገባኝ" አለ ቀስ ብሎ። "ባትሪውን አውርጄ ገብቼ ተቀመጥኩ። ያፏጫል። ወጣሁ፤ ያፏጫል። ቤት ስገባም ሲያፏጭብኝ የነበረው ቀን ሙሉ ስሰማው ስለምውል ነው እል ነበር፤ የግሬደሩ ጩኸት እንደዚያ ነበራ፣ ማታ ድረስ ይከተለኛል። አንተን የጠራሁህ አልሰማም እንድትለኝ ብዬ ነበር። አልሰማም ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።"

ያኔ እኔ ተናደድኩ። ጥፋተኛ ስሆን መናደድ አመሌ ነው። "አልሰማም ብዬህ አውቃለሁ እኮ ጋሼ" አልኩት። "ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ድንጋይ ነው የተባልኩት። በሰው ፊት።"

አፌን ሲያይ ቆይቶ "አላስታውስም" አለ።

በሕይወቴ እንደዚህ ቃል ያናደደኝ የለም። አርባ ዓመት ሙሉ በአንድ ቀን ሳቅ ምክንያት ስዋሽ ኖሬ፣ እሱ አያስታውስም። ወርጄ በሩን ላጋው ስል እሱ የሠራው በር መሆኑ ትዝ አለኝና ቀስ አድርጌ ዘጋሁት። ትንሽ ቆይቼ ተመለስኩ። ካምቢዮውን ብቻውን ሊያነሳ ይታገል ነበር። በአንድ በኩል ያዝኩለት።

በአራት ቀን ገጠምነው። ሱሪውን አላደረስኩም፤ ባለ ሱሪው ይርገመኝ። ወንድሜ ብሎን ሲያጠብቅ በፊት የሚያቆመው መፍቻው ቀጭ ሲል ነበር፤ አሁን እኔ ነኝ "በቃ" የምለው። አስነሳነውና እጁን ኮፈኑ ላይ አድርጎ "ምን ትሰማለህ?" አለኝ።

"ሞተር።"

"ሌላስ?"

"ምንም።"

"እውነት?"

"እውነቴን ነው ጋሼ። ምንም የለም።"

ራሱን ነቀነቀ። ለሚስቱና ለእማ ምን እንዳላቸው አላውቅም፤ በማግስቱ ጠዋት ግን እማ ሻንጣዋን ይዛ ደረጃውን ስትወጣ የማንንም ፊት አላየችም። የአክስቴ ልጅ ረቡዕ ደውሎ ነበር፤ እማም ዓርብ እንደምንነሣ ነግራዋለች። በላይኛው አገር ዝናቡ ማክሰኞ ጀምሯል ብሎ ነበር።

አምስት ሰዓት ነዳን። ጂፑ አንድም ጊዜ አላስቸገረን። ፍሬኑ ይይዛል፣ ባሌስትራው ጉድጓዱን ሁሉ ይውጣል፣ መቀመጫው ላይ እማ እንቅልፍ ወሰዳት። በዚያ መንገድ ላይ የደረሰብን ክፉ ነገር የወንዙ ድምፅ ብቻ ነው፤ ሳናየው ነበር የሰማነው። እኔና እማ ሰማነው ማለቴ ነው።

ማቋረጫው ላይ ወንዙ ጠባብ ነው፤ ስፋቱ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ውኃው ደፍርሶ ግንድ ይዞ ይወርዳል። ወንድሜ ወርዶ ረጅም እንጨት ከተተ፤ የኮፈኑን ግማሽ ያህል ነው ጥልቀቱ። ወደ አሸንዳው አየ። "ለጥልቀቱ ይበቃል" አለ። "አሁን ድንጋዩን ነው።" ወንዝ የሚያቋርጡ ነጂዎች ሁሉ ይህን ያውቃሉ፤ ውኃው ከሥሩ ድንጋይ እያንከባለለ ከሆነ አይገባም፤ ድንጋይ መግፋት የቻለ ውኃ ጂፕ መግፋት አያቅተውም። ማወቂያው ማዳመጥ ነው።

ረጅሙን ካቻቪቴ ከመሣሪያ ሣጥኑ አወጣ። ውኃው ዳር፣ ወደ ወንዙ የገባ ትልቅ አለት ላይ ተንበርክኮ ጫፉን አቆመ። ከዚያ እጀታውን ወደ እኔ አዘነበለ።

"ና" አለኝ። "ምን ትሰማለህ?"

ተንበርክኬ ጆሮዬን ደገፍኩ። እማ ጂፑ ውስጥ ሆና በመስኮት ታየኛለች። ከዘራዋን በሁለት እጇ ይዛዋለች። ስድስቱን ሳምንት የወሰድኩባት እኔ ነኝ፤ በሦስተኛው ሳምንት ቢሆን ይህን ወንዝ በእግሯ ትሻገረው ነበር። "ምንም አልሰማም" ብል ወንድሜ ይገባል። ምናልባትም ያልፋል።

ከአለቱ ውስጥ ደፍ፣ ደፍ፣ ደፍ የሚል ነገር ይመጣል። ከባድ ነው። አያቋርጥም።

"ድንጋይ ይንከባለላል" አልኩ።

"ብዙ?"

"ብዙ።"

ወንድሜ ካቻቪቴውን አነሳ፣ በሱሪው ጠረገው፣ ሄዶ የጂፑን ሞተር አጠፋ። ዘወር ብዬ አለቀስኩ፤ ደብቄ አይደለም፣ ለቅሶው በዚያው በኩል ስለመጣ ነው።

ቀና ስል ማዶ ሰዎች አየሁ። የአክስቴ ልጅና ሦስት ጎረቤቶቹ አንድ ባለ መደገፊያ ወንበር ተሸክመው ኮረብታውን ይወርዳሉ። ወንበሩ ላይ በብርድ ልብስ የተጠቀለለች አንዲት ትንሽ ሴት አለች። ውኃው ዳር አስቀመጧት። አክስቴ ያን ክረምት አልወጣችውም፤ በሁለተኛው ወር ሞተች። አሁኑኑ ብናገረው ይሻላል።

እማን ደግፈን አወረድናት። እስከ ውኃው ጠርዝ ሄደች። "እታለም" ብላ ጮኸች፤ ከጎኗ ቆሜ እኔ ራሴ በደንብ አልሰማኋትም። ማዶ አክስቴ አፏን ከፈተች፣ እጇን አወዛወዘች። ወንዙ ሁሉን ነገር ይውጣል።

"ምን አለች?" አለች እማ ክንዴን ይዛ። "አንተ ልጅ፣ ሰማህ?"

"አልሰማሁም እማ። ወንዙ ነው።"

ወንድሜ ከኋላችን ደረጃው ላይ ወጥቶ፣ ብረቱን ጨብጦ ማዶን ትክ ብሎ ያያል። "'አረጀሽ' ነው የምትልሽ" አለ።

ሁለታችንም ዞርን። ዓይኑን ከማዶ አልነቀለም።

እማ ጥቂት አሰበች። ከዚያ የራስ ሻሿን ፈታችና ጥቁር ፀጉሯን አሳየች፤ በየወሩ የምትቀባው እኔ ከምገዛላት ቀለም ነው። ማዶ አክስቴ ጭኗን መታች፣ የራሷንም ሻሽ ገፈፈች። ነጭ ነው። ሳቋ ያናውጣት ነበር፤ ልጇ ከወንበሩ እንዳትወድቅ ያዛት።

"'ጉልበትሽስ' ትላለች" አለ ወንድሜ፤ ወርዶም ቦታ ለቀቀላት።

እማ ወደ ጂፑ ሄዳ ብረቱን ጨብጣ ደረጃውን ወጣች። ወረደች። እንደገና ወጣች። ማዶ ያሉት ሰዎች ሁሉ አጨበጨቡ። ሪዜ ትዝ አለኝ፤ ለካ ከንፈሬን ሸፍኖበት ኖሯል። ዓመት ሙሉ እያንዳንዳችንን አፍ አፋችንን ሲያይ የከረመው ለዚህ ነው፤ ከኛ መሃል አክስቴን የሰማት እሱ ብቻ ነው።

እንዲህ ሲሉ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዩ። ከዚያ አክስቴ በጣቷ ወንድሜን ጠቆመችው፣ አንድ ነገርም ጠየቀችው። ወንድሜ ሳይተረጉምልን ቆየ።

"ምን አለች?" አለች እማ።

"'ፉጨቱ ጠፋ ወይ' ትለኛለች።"

ጠፋ ብሎ ይመልስላታል ብዬ ነበር፤ እኔ ብሆን እንደዚያ አደርግ ነበር። ወንድሜ ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ። ጂፑን ጠቆመና በእጁ "አይደለም" አላት። ከዚያ በዚያችው ጣት የራሱን ጆሮ ጠቆመ። በሰው ፊት ይህን ሲያደርግ የመጀመሪያው ነው።

አክስቴ ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ከብርድ ልብሱ ውስጥ እጇን አውጥታ የራሷን ጆሮ ጠቆመች፣ ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረገችው፣ ራሷንም ነቀነቀች። አፏም ተንቀሳቀሰ።

ወንድሜ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

"አሁንስ ምን አለች?" አልኩት።

"'እኔም እሰማዋለሁ' አለች።"